የአያ ጅቦ ባለባትሪ ሳይክል

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ አንድ አምባ ላይ ጎረቤት ሆነው በሚኖሩበት አገር፣ ዳለቻ የምትባል አሮጊት አህያ ነበረች። ትልቅ ትንሹ «እማማ ዳለቻ» ይላታል። ሥራዋ ሁለት ነው፤ ጠዋት ከገደሉ ሥር ካለው ምንጭ ውሃ ቀድታ ለአምባው ታወጣለች፣ ከዚያ በኋላ ቀጭኑን መንገድ ስትጠብቅ ትውላለች። ስንት ዓመት እንደሠራች ብትጠይቋት አታውቀውም። ሲነጋ ለመነሳት ሦስት ጊዜ እንደምትሞክር ግን ታውቃለች፤ በመጀመሪያው ጉልበቷ እምቢ ይላታል፣ በሁለተኛው ወገቧ፣ በሦስተኛው እያጉረመረመች ትነሳለች።

ከአምባው ወደ ምንጩ የሚወስዱት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንዱ ጋሪ የሚያሳልፈው ሰፊው መንገድ ነው፤ ተራራውን ዞሮ ዞሮ ስለሚወርድ ደርሶ መልሱ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ሌላው ቀጭኑ መንገድ ነው፤ ገደሉን ታክኮ ስለሚወርድ በማለዳ የወጣ ለቁርስ ይመለሳል። ችግሩ መሀል ላይ «ጉሮሮ» የሚሉት ቦታ መኖሩ ነው። እዚያ በአንድ በኩል አለት፣ በሌላ በኩል ባዶ ነው፤ መንገዱን ደግፎ የያዘው የድንጋይ ካብ ብቻ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ከካቡ ላይ ጥቂት ጥቂት ድንጋይ ይወስዳል።

ስለዚህ አምባው አንድ ልማድ ነበረው። ከምንጩ ሥር ካለው ወንዝ ወደ ላይ የሚወጣ ሁሉ አንድ ድንጋይ ይዞ ወጥቶ ካቡ ላይ ያኖራል። ዝሆን በአቅሙ፣ ሚዳቋ በአቅሟ፤ አይጥ ሳትቀር ባቄላ የምታህል ጠጠር በጥርሷ ነክሳ ትወጣለች። የመጣውን ድንጋይ እያገላበጠ በየቦታው የሚያስገባው ጋሽ ጃርት ነው። ጋሽ ጃርት ከካቡ ሥር ይኖራል። አፉ እንደ እሾሁ ይዋጋል፣ እጁ ግን ሥራ ያውቃል።

በቀጭኑ መንገድ አፍ ላይ ሰሌዳ ተተክሏል። እንዲህ ይላል፦ በእግር መሄድ ይቻላል። ፔዳል በሚመታ ሳይክል መሄድ ይቻላል። ሞተር ያለው ሁሉ በሰፊው መንገድ ይሂድ። ዝናብ ከጣለ እስከ ሦስት ቀን ድረስ ጎማ ያለው ነገር ሁሉ ክልክል ነው። ከሥሩ ደግሞ ንጉሥ አንበሳ በጥፍሩ አንድ መስመር ጨምሮበታል፦ በዚህ መንገድ ላይ ማንም ማንንም አይበላም። አለዚያማ የትኛዋ አህያ ናት ጅብ ፊት ቆማ «አይቻልም» የምትለው!

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ንጉሥ አንበሳ እማማ ዳለቻን አስጠራት።

«ዳለቻ፣ አንድ ክረምት ብቻ ቻይልኝ» አላት። «መንገዱን ደህና አድርገሽ ለመስከረም ካስረከብሽኝ፣ ውሃውን በቅሎ ትረከብሻለች። አንቺ ሜዳው ላይ ሣርሽን እየጋጥሽ ታርፊያለሽ።»

በቅሎ እዚያው ቆማ ነበርና «በቀጭኑ መንገድ ከሆነ እሺ» አለች። «በሰፊው ዙሪ ካላችሁኝ ግን እኔ የለሁበትም። ከአሁኑ ልንገራችሁ።»

እማማ ዳለቻ ስትመለስ እንባዋ መጣ። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፤ ሦስት ወር ነው፣ ምን አላት! ካቡ ሦስት ወር ከቆመላት እሷ ትተኛለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለችም።

ሰኔ በገባ በሳምንቱ አያ ጅቦ ሳይክል ይዞ ከተፍ አለ።

ከየት እንዳመጣው የሚያውቅ የለም። ተራራ ሊያዩ የመጡ ሰዎች ገደሉ ማዶ ድንኳን ተክለው ነበርና ከእነሱ ሳይሆን አይቀርም። መጀመሪያ የሚበላ መስሎት ጎማውን ቀመሰው። አልጣመውም። ቀጥሎ ወጣበት፣ አንድ ነገር ነካ፣ ሳይክሉ እሱን ተሸክሞ ዳገቱን ሽቅብ ነጎደ። ከዚያ ወዲያ ማን ያስወርደው! ባትሪው ሲያልቅበት እመት ቀበሮ በፀሐይ ባትሪ የሚሞላ ሶላር ነበራትና እየሞላችለት፣ እሱ ካገኘው ሥጋ ግማሹ የእሷ ሆነ። እመት ቀበሮ በነፃ የምትሠራው ነገር እንደሌላት አምባው በሙሉ ያውቃል፣ ከአያ ጅቦ በስተቀር።

«አያ ጅቦ፣ እስቲ ቁም!» አለች እማማ ዳለቻ ከሰሌዳው ሥር።

«እንዴት አደሩ እማማ?»

«እግዜር ይመስገን። ይሄ ምንድን ነው?»

«ሳይክል ነዋ!»

«ይሄ ሆዱ ላይ ያበጠውስ?»

«እሱማ ባትሪው ነው።»

«ምን ያደርጋል?»

«ይገፋኛል!» አለ ጅብ በኩራት። ከኋላው የተፈናጠጠችው እመት ቀበሮ በክርኗ ጎኑን ጎሸም አደረገችው። «ማለቴ… ያበረታታኛል።»

«የሚገፋ ነገር ሞተር ነው፣ አያ ጅቦ። ሞተር ደግሞ በሰፊው መንገድ ነው የሚሄደው።»

እመት ቀበሮ ዱብ ብላ ወረደች። «እማማ ዳለቻ፣ በሞቴ አንዴ ይስሙኝ። ሞተር ማለት የሚጮኸው፣ የሚጨሰው፣ ነዳጅ የሚጠጣው አይደለም? ይሄ ይጮኻል? አይጮኽም። ይጨሳል? አይጨስም። ፔዳል አለው? ይኸው፣ ሁለት አለው። ሰሌዳው «ፔዳል በሚመታ ሳይክል ይቻላል» ይላል። እኔ አልጻፍኩት እንግዲህ!»

«ሰሌዳው ሲጻፍ እንዲህ ያለ ነገር አገሩ ላይ አልነበረም፣ ልጄ።»

«ካልነበረማ አልተከለከለም ማለት ነዋ!»

እማማ ዳለቻ ራሷን አመማት። ከእመት ቀበሮ ጋር መከራከር ውሃ ከመሸከም ይከብዳል። ሦስቱም ወደ ንጉሥ አንበሳ ሄዱ።

ንጉሥ አንበሳ ምሳ በልቶ ጋደም ብሎ ነበር። አንድ ዓይኑን ገልጦ ሳይክሉን ዞሮ ሳያየው ፈረደ። «ፔዳሉን እየመታ ባትሪው ካገዘው፣ እንደ ሳይክል ይቆጠርና ይለፍ። እግሩን ዘርግቶ ባትሪው ብቻ ከወሰደው፣ ሞተር ነውና ይመለስ። የዝናቡ ሕግ እንደሆነ ነው፣ ለሁሉም ነው።»

«ጌታዬ፣ መምታት አለመምታቱን ማን ያየዋል?» አለች እማማ ዳለቻ።

«አንቺ ነሻ።»

«ውሃ ልቅዳ፣ በር ልጠብቅ ወይስ የጅብ እግር ስመለከት ልዋል?»

«እንደምንም አድርጊው» አለና የገለጣትን አንዷን ዓይን መልሶ ጨፈናት።

እንደምንም! ይህችን ቃል የሚናገሯት ሁልጊዜ የተኙት ናቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መቼም ትገምታላችሁ። እመት ቀበሮ አያ ጅቦን «እሷ ስታይህ ምታ፣ ኩርባውን ስትታጠፍ ተወው» ብላ መከረችው። እሱም ሰሌዳው አጠገብ ሲደርስ እግሩን ቶሎ ቶሎ ያሽከረክራል፣ ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል፣ «አቤት ዳገቱ!» ይላል። ኩርባውን እንዳለፈ ሁለት እግሩን ግራና ቀኝ ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይንሳፈፋል። ኤሊ መንገድ ዳር ተለጥፋ ታሳልፈዋለች፤ አንድ ቀን ደንግጣ ተገልብጣ እስከ ቀትር የሚያቃናት አጥታ ዋለች።

«ኩርባው ላይ እግሩን ዘረጋ አሉኝ» ብትለው እማማ ዳለቻ፣ «ማን ነው ያለው? እማማ አይተውኛል? አላዩኝም!» ይላታል። እውነቱን ነው፣ አላየችውም። በዚያ ሰዓት ምንጩ ጋ ጎንበስ ብላ ውሃ ስትቀዳ ነበር።

አንድ ቀን ሽቅብ ስትወጣ ከኋላዋ ደረሰባት። ሁለት ቅምጫና ውሃ በግራና በቀኝ ጭናለች፣ በመሀሉ ደግሞ ድንጋይዋን።

«አያ ጅቦ፣ ድንጋይህስ?»

«ድንጋይ?» አለ ተገርሞ። «ኧረ እማማ! ድንጋይ ከጫንኩበት እኮ ባትሪው ይደክማል!»

እማማ ዳለቻ ቆመች። ላቧ በጆሮዋ ይንጠባጠባል። «እሺ ልጄ፣ ባትሪው እንዳይደክም» አለችው። እሱ ሲያልፍ ወደ ወንዙ ተመልሳ የእሱንም ድንጋይ ጨምራ ተሸከመች።

ጋሽ ጃርት ይህን አይቶ እሾሁ ሁሉ ቆመ። «አንቺ ሴትዮ፣ አእምሮሽን አመመሽ? የጅብ ድንጋይ ትሸከሚለታለሽ?»

«ካቡ ይጎድልብናል ብዬ ነዋ።»

«እሱ መንገዱን ያርሳል፣ አንቺ ትሞያለሽ! ጎማው የት የት እንደበላው ነይና እዪው። ደግሞ እሱን ያዩ ከርከሮዎች ትናንት ባዶ እጃቸውን ነው የወጡት። «አያ ጅቦ ሳይዝ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው?»

«ተወኝ በናትህ። መስከረም ሊጠባ ስንት ቀን ቀረው?»

«እሱንማ ትቆጥሪዋለሽ!» አለና ጋሽ ጃርት ድንጋዩን ነጥቋት ሄደ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሰማይ የተቀደደ ይመስል ሁለት ቀን ሙሉ ዘነበ። ያባራ ዕለት ጠዋት እማማ ዳለቻ «ክልክል ነው» የሚለውን እንጨት በመንገዱ አፍ ላይ አጋድማ ቆመች። ገና እንዳጋደመች ዝንጀሮዎች ባትሪ በሌለው ሳይክላቸው መጥተው ተጨቃጨቁ፣ መለሰቻቸው። ከርከሮዎችም እንዲሁ በሳይክል መጡ፣ መለሰቻቸው። ቀትር ላይ እንደገና ካፊያ ጀመረ። ጆሮዋ ውስጥ ውሃ ገብቷል፣ ጉልበቷ ይጠዘጥዛታል፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሰችም። አያ ጅቦና እመት ቀበሮ የመጡት ያኔ ነው።

«እማማ፣ ዞር ይበሉልኝ! ወንዙ ዳር በሬ ወድቋል አሉ!» አለ አያ ጅቦ። ምራቁ ይዝረበረባል።

«ክልክል ነው። ሦስት ቀን።»

«እማማ፣ በሬ ነው የምልዎ! ሙሉ በሬ! ቀንዱ ሳይቀር!»

«በእግርህ ውረድ። ለእግር ክፍት ነው።»

«በእግሬ ስሄድ አሞራ ይጨርሰዋላ! ደግሞ በእግሬ ምን ይዤ እወጣለሁ?»

እመት ቀበሮ ቀስ ብላ ተጠጋቻት። ድምጿን እንደ ቅቤ አለሰለሰችው። «እማማ፣ እንዲያው ሳይዎት አንጀቴን ይበሉኛል። ማን ብሎዎት ነው እዚህ ዝናብ ላይ የቆሙት? ንጉሡ እኮ ተኝቷል። በቅሎ እኮ ደረቅ ቦታ ናት። ሕጉን የጻፉት ሁሉ ቤታቸው ገብተዋል። እርስዎ ብቻ ለምን ይደክማሉ? አንድ ሳይክል ነው፣ አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ ገብተው ያርፋሉ።»

«አይቻልም።»

«እሺ፣ እኛም አንሄድም» አለች እመት ቀበሮና ቁጭ አለች። «እንነጋገራለን። ጊዜ አለን። በመጀመሪያ፣ ካፊያ ዝናብ ነው ወይስ አይደለም? በሁለተኛ…»

እማማ ዳለቻ «በሁለተኛ» የሚለውን ስትሰማ ውስጧ አንድ ነገር ተሰበረ። ሰለቻት። በቃ፣ ሰለቻት! ክርክሩ ሰለቻት፣ ሰሌዳው ሰለቻት፣ የጅብ ምራቅ ሰለቻት። ይህን ሁሉ ዓመት «አይቻልም» ስትል አንድም ቀን «አበጀሽ» ያላት የለም። ዛሬ ብትለቅ ማን ያውቃል? እንጨቱን በአፍንጫዋ ገፍታ አነሳችው።

«እለፍ! እለፍልኝ ከዚህ! ዛሬ ብቻ ነው፣ ሰምተሃል? ዛሬ ብቻ!»

አያ ጅቦ «እግዜር ይስጥልኝ» ለማለት እንኳን አልቆመም። በዚህ ጊዜ ፔዳሉን የሚመታ እንኳን አላስመሰለም።

እሷም ዛፍ ሥር ተጠግታ ዓይኗን ጨፈነች። እንዴት ደስ አላት! ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም የማይጠይቃት ሰዓት አገኘች። እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት።

የቀሰቀሳት የሳይክሉ ድምፅ ነው። ከታች፣ ከጉሮሮው አካባቢ፣ እንደ ንብ እየጮኸ ይመጣል። አያ ጅቦ ከበሬው በልቶ በልቶ ሆዱ እጥፍ ሆኗል፤ አልበቃ ብሎት አንዱን ጭን ሙሉውን ከኋላ ጭኗል። ከጉሮሮው ትንሽ ዝቅ ብሎ እመት ቀበሮ «እግሬን ላፍታታ» ብላ ወርዳ፣ ጉበቱን ነክሳ በእግሯ ቀድማው አልፋለች። እሷ ያን ካብ በዝናብ ቀን ታውቀዋለች። ለእሱ ግን አልነገረችውም።

ጉሮሮው ላይ ሲደርስ የኋላ ጎማው ጭቃ ውስጥ ተያዘ። አያ ጅቦ ባትሪውን እስከ መጨረሻው ለቀቀው። ጎማው ባለበት ይሽከረከር ጀመር፤ ጭቃውን በላ፣ ከጭቃው ሥር ያለውን ጠጠር በላ፣ ከጠጠሩ ሥር ያለውን ካብ ነካ። አንድ ድንጋይ ወጣ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ገደሉ አገሳ።

እማማ ዳለቻ እየተንሸራተተች ወርዳ ስትደርስ ጉሮሮው የለም። መንገዱ እዚህ ያልቃል፣ የዝሆን ርዝመት ሦስት እጥፍ ያህል ርቆ ማዶ እንደገና ይጀምራል፣ መሀሉ አየር ነው። ሳይክሉና ጭኑ ገደሉ ውስጥ ገብተዋል። አያ ጅቦ ማዶ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ «ጭኔን! ጭኔን!» ይላል። የራሱ ጭን መስሏት ደንግጣ ነበር፣ እሱ ግን የበሬውን ነው።

ጋሽ ጃርት ከፍርስራሹ ሥር ጭቃ ለብሶ ወጣ። ቤቱ ጠፍቷል። እንደ ልማዱ ይሳደባል ብላ ጠበቀች። አልተሳደበም። አየት አደረጋትና «ዳለቻ፣ ይሄ ሁለት ክረምት ይፈልጋል» አላት በቀስታ። ብትሰደብ ይሻላት ነበር።

በማግስቱ ንጉሥ አንበሳ መጣና ገደሉን አየ። ደህና አድርጎ፣ በሁለቱም ዓይኑ።

«ማን ነው ያሳለፈው?»

«እማማ ናቸው! «እለፍ» ብለውኝ ነው!» አለ በሰፊው መንገድ ዞሮ የመጣው አያ ጅቦ።

«ሕግ አስከባሪዋ ራሷ ካሳለፈች እንግዲህ…» አለች እመት ቀበሮ ከንፈሯን እየላሰች። «እኔ አልነዳሁም፣ ጌታዬ። በእግሬ ነው የሄድኩት። ለእግር ደግሞ ክፍት ነበር።»

«እውነታቸውን ነው» አለች እማማ ዳለቻ። «እኔ ነኝ። ደክሞኝ ነበር።»

ንጉሥ አንበሳ የፈረሰውን ካብ በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገ። ጠዋት ሰሌዳው ጋ አንድ ጊዜ እንኳን መጥቶ እንደማያውቅ ትዝ ብሎት ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል። አያ ጅቦ መቶ ድንጋይ እንዲያወጣ ፈረደበት። አያ ጅቦም አሥራ አንድ አወጣ፤ በአሥራ ሁለተኛው እጄን አመመኝ ብሎ ሄደ፣ ያው ሄደ። በቅሎ ደግሞ «እኔ የተዋዋልኩት በቀጭኑ መንገድ ነው» ብላ ፊቷን አዞረች። ውሃው ግን ለነገ አይባልም።

መስከረም ጠባ። ሜዳው ላይ ያ የተባለው ሣር እስከ ሆድ ድረስ አደገ። እማማ ዳለቻ ጎህ ሲቀድ ተነስታ፣ አጠገቡ አልፋ፣ በሰፊው መንገድ ትወርዳለች። ከወንዙ ተራራውን ዞራ፣ ሁለት ቅምጫናዋን ተሸክማ፣ አምባው ላይ ስትደርስ ፀሐይ ዘንበል ብላለች። በየመንገዱ ትቆማለች። አንዳንዴ መቆሟን ራሷም አታውቀውም።

አንድ ቀን እንዲሁ ደርሳ ውሃዋን ልታወርድ ስትል፣ ከሁሉ ቀድሞ ቅሉን ይዞ የተሰለፈው አያ ጅቦ ነበር።

«ምነው እማማ፣ ዛሬማ በጣም ቆዩ! ውሃ ጥም ሊገድለን እኮ ነው!»

«መንገዱ ረዝሞ ነው።»

«ኧረ? ማን አረዘመው?» አለ አያ ጅቦ። ከልቡ ነው የጠየቀው።

እማማ ዳለቻ ቀና ብላ አየችው። ልትናገር አፏን ከፈተች። ከሰኔ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ለመንገር ስንት ቃል እንደሚያስፈልግ አሰበችና አቅም አጣች።

«ቅልህን አቅርብ» አለችውና ቀዳችለት።

ከዚህ የምንማረው፣ የጋራ መንገድ የሚጠብቅልንን ብቻውን ትተን ካደከምነው አንድ ቀን «ዛሬ ብቻ» ብሎ እንደሚለቅ፣ የዚያች የአንድ ቀን ጣጣ ግን ባጠፋው ላይ ሳይሆን በደከመው ጀርባ ላይ እንደሚጫን ነው።